ዳሌጥ የተለጠፈበት በር

ረቡዕ

ጅማ ደርሼ መምጣቴን የደብረ ብርሃን ወዳጆቼ ሁሉ ሰምተዋል። እዚያ ምን ሠርቼ እንደመጣሁ ግን ለባለቤቴ ለእቴነሽ እንኳ ሙሉውን የነገርኳት በቅርቡ ነው። "ጻፈው፤ ሌላው ይማርበት" ስላለችኝ ይኸው ጻፍኩት። ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ ለሌላችሁ፣ ብርዳችንን ታቅፋችሁ ለምትኖሩ፣ መንገዱንም ምግቡንም ውርደቴንም በየተራ አቀርባለሁ።

ነገሩ የጀመረው ጡረታ ስወጣ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚሰማው ያጣል። እኔም በቴሌግራም አንድ ቡድን ከፍቼ፣ በዕብራይስጥ ፊደላት ውስጥ የተሰወረውን ምስጢር እገልጣለሁ እያልኩ በየማለዳው ድምፄን ቀድቼ መላክ ጀመርኩ። ምንጮቼ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ከመንገድ ዳር የገዛኋት፣ ፎቶ ኮፒ የሆነች ቀጭን መጽሐፍ ናት። ሁለተኛው ከዳዊት መዝሙሮች ሁሉ ረጅሙ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህ መዝሙር ስምንት ስምንት ቁጥር እየሆነ ሃያ ሁለት ቦታ ተከፍሏል፤ በየክፍሉ አናት ላይ የአንድ ዕብራይስጥ ፊደል ስም ጎልቶ ተጽፏል፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ ይሄዳል። አሌፍ በሬ ነው፤ ቤት ያው ቤት ነው፤ ጋሜል ግመል ነው፤ ዳሌጥ በር ነው። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን እኔ ነኝ የጨመርኩበት።

"አንተ ግን ዕብራይስጥ ታውቃለህ እንዴ?" ትለኝ ነበር እቴነሽ። "ቋንቋውን ሳይሆን ምስጢሩን ነው የማውቀው" እላታለሁ። እሷም ራሷን ነቅንቃ ወደ ሽሮዋ ትመለሳለች።

ከአድማጮቼ ሁሉ ትጉሁ አቶ ዳና የሚባሉ ሰው ናቸው። ከወላይታ ሄደው ጅማ የከተሙ፣ ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ከአንዲት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። "መምህር፣ መጥተው ጉባኤያችንን በአካል ያስተምሩልን" ብለው ደወሉ። መምህር መባል ከናፈቀኝ ቆይቶ ስለነበር ጥሪው እስኪደገም አልጠበቅኩም። እቴነሽ ወፍራሙን ካፖርቴን፣ ጋቢዬንና ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ጫነችብኝ። የእኛ ብርድ የማይደርስበት አገር ያለ አይመስላትም። ረቡዕ ተነስቼ ማታውን አዲስ አበባ እህቴ ቤት አደርኩ።

ሐሙስ

ገና ጎህ ሳይቀድ በአውቶብስ ከአየር ጤና ተነሳን። እስከ ወሊሶ ካፖርቴ ክብር ነበረው። ወልቂጤ ስንደርስ ሸክም ሆነ። እዚያ አንዲት ሴት በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ገቡና ከላይ ዕቃ ማስቀመጫው ላይ፣ ከካፖርቴ አጠገብ፣ በጥንቃቄ አስቀመጡት። መኪናው ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል ሲወርድ የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ሙቀት ምንም እንደማያውቅ ገባኝ። እኛ ሙቀት የምንለው ፀሐይ ላይ መቀመጥን ነው፤ እዚያ ግን ጥላውም ያቃጥላል። እኔ ቀለጥኩ፤ ቅቤውም ቀልጦ ካፖርቴ ላይ ወረደ። ሴትየዋ በጣም ይቅርታ ጠየቁኝ፤ በካሳ መልክም ሶኮሩ ላይ ሙዝ ገዝተው ጋበዙኝ። ሙዙ ጣፋጭ ነበር፤ ካፖርቴ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሠርግ ቤት ይሸታል።

ከሶኮሩ ወዲያ አገሩ አረንጓዴ ነው። የእኛ አገር ሜዳው ሁሉ ገብስና ድንጋይ ሆኖ ዓይን እስከ አድማስ ያለ ከልካይ ይሄዳል፤ እዚህ ዛፉ ዓይንን በየአሥር እርምጃው ያስቆመዋል። ጅማ መናኸሪያ ስንገባ ዝናብ ያካፋ ነበር። አቶ ዳናን በፎቶ ስለማውቃቸው ከሩቅ ለየኋቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ዱቄት ከቅንድባቸው ያልጠፋ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው መጡ፤ በአጠገቤ አልፈው አንድ የማላውቀውን ሰው አቀፉና "መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ" ብለው ሦስት ጊዜ ሳሙት። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ እሱም መልሶ ሳማቸው። እኔ ከጎን "አቶ ዳና፣ እኔ ነኝ" ስል ደነገጡ። "መነጽሬን ረስቼ ነው" አሉ።

ቤታቸው ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው። የግቢው የቆርቆሮ በር ላይ በወፍራም ማርከር፣ እያንዳንዱ ፊደል የስንዝር ያህል ሆኖ "ዳሌጥ" ተጽፎ ተለጥፏል። ትምህርቴ ፍሬ አፈራ ብዬ ደስ አለኝ። ወደ ውስጥ ስገባ ግን ፍሬው ትንሽ በዛብኝ። አጥሩ ላይ ሔት፣ መስኮቱ ላይ ሄ፣ የውሃው ጀሪካን ላይ ሜም፣ የጥርስ ብሩሹ ኩባያ ላይ ሳን። ወፍጮው ላይ አሌፍ አለ። "በሬ የሥራ ምልክት ነው ብለዋል፤ በዚህ ቤት የሚሠራው እሱ ነው" አሉኝ አቶ ዳና። ጎረቤታቸው አባ ቢያ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የእስልምና ሰው ቢሆኑም ከፊደሉ አላመለጡም። ሊያዩኝ መጥተው ገና ሰላም ሳንባባል ክስ ጀመሩ።

"ወላሂ፣ ስንጀር መኪናዬ ላይ ቆፍ ብሎ ለጠፈብኝ። መርፌ ነው አለኝ። ደንበኛ መጥቶ 'ቆፍ ዋጋው ስንት ነው?' ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ?"

የአቶ ዳና ልጅ ሰላማዊት እግሬን ልታጥብ ብላ ውሃ አመጣች፤ አክብራ አበላችኝ፤ አልጋዬን አነጠፈች። ግን አንድ ጊዜም መምህር አላለችኝም፤ ፊቷም እንደ እኛ አገር የጥቅምት ንጋት ነበር። ከእራት በኋላ ለአባቷ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው አነበበችላቸው። አቶ ዳና "ላሜድ" ብለው ርእሱን ጠሩ፤ እሷ ስምንቱን ቁጥር አነበበች። ደስ የሚል ልማድ ነው ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ

ጉባኤው የሚሰበሰበው መንደራ ቆጪ ሰፈር ነው። ከቤቱ በባጃጅ ሄድን። ከማስተማሬ በፊት ሰላማዊት ለብቻዬ ምሳ አቀረበችልኝ፤ ቆጮ፣ ጎመን፣ ሥጋ፣ በትንሽ ሳህን ደግሞ አንድ የማላውቀው አረንጓዴ ነገር። "ይኼ ምንድነው ልጄ?" ብላት "ማባያ ነው" ብላኝ ወጣች። እኔም እንደ ጎመን ጎረስኩት። የወላይታን ዳጣ የማታውቁ ሰዎች ሚጥሚጣን የፍራፍሬ ወገን አድርጋችሁ አስቡት። አንድ ጀግ ውሃ ጨርሼ እጄን በደንብ ሳልታጠብ ወደ መድረክ ወጣሁ።

የዕለቱ ትምህርት ስለ ዔ ፊደል ነበር፤ ዔ ማለት ዓይን ነው። "ወገኖቼ፣ ይህን ፊደል በዓይናችሁ ሳይሆን..." እያልኩ በጣቴ ዓይኔን ነካሁ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውስም። እንባዬ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ፤ ሌላውን ዓይኔን ስጠርግ እሱም ተከተለ። መጀመሪያ አንዲት እናት አለቀሱ፤ ከዚያ ሁሉም አለቀሰ። እኔ "ውሃ፣ ውሃ" እላለሁ፤ እነሱ ስለ ሜም ፊደል እያስተማርኩ መስሏቸው ሜም እያሉ ይጽፋሉ። የጉባኤው ፓስተር አቅፈውኝ "እንዲህ ያለ የተነካ አስተማሪ አይተን አናውቅም" አሉ። የተነካው ምኔ እንደሆነ ልናገር ብዬ ድፍረት አጣሁ።

ስንመለስ አቶ ዳና ወደ ወፍጮ ቤት ገቡ። ሰላማዊት በር ላይ ቆማ "ስለ ዳጣው ይቅርታ" አለችኝ። "አውቄ ነው።"

"ምን በደልኩሽ ልጄ?"

ነገረችኝ። ከሁለት ወር በፊት አንድ አጋሮ የሚሠራ ወጣት ሽማግሌ ልኮባት ነበር። እሷም ትወደዋለች። አባቷ ስሙን ጠየቁ። ናሆም ነው አሏቸው። አቶ ዳና ወረቀትና ማርከር አስመጡ። ኖን ዓሣ፣ ሔት አጥር፣ ዋው መንጠቆ፣ ሜም ውሃ።

"'ዓሣው ከአጥር ውጭ ነው፤ መንጠቆ ላይ ነው፤ ውሃው ከሱ ወዲያ ነው። ልጄን ለተሰቀለ ዓሣ አልሰጥም' ብሎ ሽማግሌዎቹን መለሳቸው።"

"የስሙ ትርጉም እኮ መጽናናት ነው" አልኳት። ይኼ ቀጭኗ መጽሐፍ ላይም አለ።

"ነግሬዋለሁ። 'ቃሉ ልብስ ነው፤ ምስጢሩ ፊደሉ ውስጥ ነው' አለኝ። ይኼንንም ከእርስዎ ነው የሰማው።"

እውነቷን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርቴ ላይ ብያለሁ። በጣም ያማረ አነጋገር መስሎኝ ሁለት ጊዜ ነበር የደገምኩት። በሕይወቴ ተማሪ ጥያቄ ተሳስቶ አይቻለሁ፤ የኔን ስሕተት በትክክል ሠርቶ መልስ ያመጣ ተማሪ ግን ያን ቀን አየሁ። አፈርኩ።

ቅዳሜ

አቶ ዳና የገበያ ቀን ስለሆነ ከወፍጮው መላቀቅ አልቻሉም። አባ ቢያ ግን "ኮቱ፣ ና፣ አጋሮን ላሳይህ" ብለው በሚኒባስ ይዘውኝ ሄዱ። መንገዱ ዳር በየደጁ ቡና ተሰጥቷል። በእኛ አገር እንዲህ ደጅ ላይ የሚሰጣው እበት ነው፤ ለማገዶ። ዶሮ ሲራመድበት ባለቤቱ የሚጮኸው ግን ሁለቱም አገር አንድ ዓይነት ነው።

ናሆም የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ነው የሚሠራው። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ እጁ በቡና ልጣጭ የጠቆረ ልጅ ነው። ማን እንደሆንኩ አባ ቢያ ሲነግሩት አልተቆጣም፤ ይልቅስ ወንበር አመጣልኝ። ይኼ ደግሞ ከዳጣው በላይ አቃጠለኝ። ገንዳውን አሳየን። እሸቱ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ደህናው ይሰምጣል፤ ባዶው ይንሳፈፋል።

"የሚንሳፈፈውን እናወጣዋለን" አለ። "ደህናውን የምናውቀው ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።"

ነገሩን እያሰላሰልኩ ወደ ኋላ ስራመድ ልጣጩ አንሸራተተኝና ቦዩ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ናሆም አወጣኝ፤ ሱሪዬን አስወልቆ በገዛ እጁ አጠበው። እኔ ያን ቅቤ የሸተተ ካፖርት እስከ ጉልበቴ ድረስ ተጠቅልዬ ተቀመጥኩ። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ የተሸከምኩት ለዚህ ኖሯል። እቴነሽን አመሰገንኳት።

ሱሪዬን እየጨመቀ ነበር የጠየቀኝ። "ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ። ከፓስተሩና ከአባ ቢያ ጋር። እኔ እዚህ ዘመድ የለኝም።"

ሱሪው በሌላ ሰው እጅ ያለ ሰው እምቢ ለማለት ይቸግረዋል። ደግሞም እምቢ ማለት አልፈለግኩም። ዕዳው የኔ ነበር።

በመመለሻችን ላይ አንድ መላ መጣልኝ። ፊደሎቹን ገልብጬ ባነባቸውስ? ዓሣው ያለው በአጥር በተከበበ ኩሬ ውስጥ ነው፤ መንጠቆው ኑሮን የሚይዝ ነው፤ ውሃውም ሙሉ ነው። እንዲያውም የበረከት ስም ይሆናል። ለአባ ቢያ ነገርኳቸው። "ማሻአላህ፣ ባለፈው የሞተውን ዓሣ ዛሬ አዳንከው" አሉኝ። ያኔ ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

እሑድ

አንድ ችግር ነበር። ሽማግሌ ከውጭ መጥቶ፣ በር አንኳኩቶ፣ ቆሞ ነው የሚለምነው። እኔ ደግሞ የሰውየው እንግዳ ነኝ፤ በአልጋቸው ተኝቼ፣ ጠዋት በእጃቸው ያቀረቡልኝን ገንፎ በልቻለሁ። አባ ቢያ ግን ወግ አይፈርስም አሉ። ስለዚህ በጓሮ በር ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ።

"የት ልውሰድዎት ፋዘር?" አለ ሾፌሩ።

"ዞረህ በፊት ለፊቱ በር አውርደኝ።"

"የዚሁ ቤት? በእግርዎ እኮ አንድ ደቂቃ ነው።"

"ንዳ ልጄ፤ ወግ ነው።"

ፓስተሩና አባ ቢያ ዳሌጥ የተጻፈበት በር ፊት ነጠላና ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ከእነሱ ጋር ተሰለፍኩና አንኳኳን። አቶ ዳና ከፍተው ቀረብ ብለው አዩኝ።

"መምህር፣ ቁልፉን ሰጥቼዎት የለም እንዴ?"

"ዛሬ እንኳ በቁልፍ የሚገባ ጉዳይ አይደለም አቶ ዳና።"

ሁለቱን ሲያዩ ገባቸው። ፊታቸው ጠቆረ። "ግቡና ተቀመጡ" አሉ። "የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም" አሉ ፓስተሩ በወጉ። "እንግዲያው ቁሙ" አሉና እሳቸው ተቀመጡ። እኛም ገብተን ቆምን።

ያዘጋጀሁትን ጀመርኩ። ኩሬውን፣ አጥሩን፣ የሞላውን ውሃ ዘረዘርኩ። አቶ ዳና በትዕግሥት ሰምተውኝ ጨረሱ።

"ይቅርታ መምህር። በአሥራ አራተኛው ቀን 'ፊደሉን እንደ ልባችን ምኞት የምናገላብጥ ከሆነ ከጠንቋይ በምን ተለየን?' ብለዋል። በቃሌ ይዤዋለሁ።"

ብያለሁ። ሌላ ቡድን ከፍቶ አድማጮቼን በወሰደብኝ ሰው ላይ ነበር የተናገርኩት። አባ ቢያ በክርናቸው ጎሸሙኝ። መጋረጃው ጀርባ ሰላማዊት መኖሯን እግሯ ያሳብቃል። ከዚህ በላይ ማምለጫ አልነበረኝም።

"አቶ ዳና" አልኩ፣ "እኔ ዕብራይስጥ አላውቅም። የማውቀው በእርስዎ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያሉትን ርእሶችና አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነው። በሬውና በሩ እውነት ነው። ሰው በስሙ ፊደል ይመዘናል ያልኩት ግን ከራሴ ነው። ሰው እንዲሰማኝ ፈልጌ ነው። ልጁን ትናንት አይቼዋለሁ፤ ያበላሸሁበትን እኔን ሱሪዬን አጥቦ ነው የሸኘኝ። ከእኔ ትምህርት ሌላ ምክንያት ካለዎት ይንገሩን። ከሌለዎት ጥፋቱን ለእኔ ይተዉልኝ።"

አባ ቢያ ሰውነታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወሩ። "ሜ ዳና፣ እባክህ፣ ጉልበቴ እያለቀ ነው" አሉ።

አቶ ዳና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ከፈቱትና ገጹን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ዕብራይስጥ እንደማያውቁ ከጠረጠርኩ ቆየሁ" አሉ። "ግን ተመቸኝ። እኔ ከዚህ ውስጥ የቀረኝ ርእሱ ብቻ ነው መምህር። ትንሹ ጽሕፈት ከጠፋኝ ዓመት አለፈው። ሐኪሙ መነጽር አይመልሰውም ብሎኛል። ማታ ማታ ርእሱን እኔ እላለሁ፤ ስምንቱን እሷ ታነብልኛለች። መስማት ስለምወድ ይመስላታል። ከዚያ የእርስዎን ድምፅ ሰማሁ። አንዱ ፊደል ብቻውን ሙሉ ምስጢር አለው ሲሉ፣ እንግዲያው የቀረኝ ይበቃኛል ብዬ ተጽናናሁ። ከዚያ የምታነብልኝን ሊወስድ ሽማግሌ መጣ።"

እኔ መናኸሪያው ላይ የተሳመውን ሰውዬ አስታወስኩ፤ በየግድግዳው የተለጠፉትን ትልልቅ ፊደሎች አየሁ። ዳጣ ሳይኖር አለቀስኩ።

ሰላማዊት መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። "ለምን አልነገርከኝም አባዬ?"

"ብነግርሽ ትሄጂ ነበር?"

"ሄጄ እመለስ ነበር።"

"አጋሮ እኮ መካ አይደለም" አሉ አባ ቢያ። "ጠዋት ሄዳ ማታ ትመጣለች። እኛስ የት ሄድን? እኔ ያንተን መጽሐፍ ማንበብ ባልችል ሻይ ይዤ መጥቼ እቀመጣለሁ።"

አቶ ዳና ስልካቸውን ለልጃቸው ሰጧትና "ደውይለት" አሉ። ናሆም በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ፤ ቀኑን ሙሉ ስልኩን በእጁ ይዞ ሳይቀመጥ አልቀረም።

"ማንበብ ትችላለህ?" አሉት አቶ ዳና።

ልጁ ግራ ገባው። "አዎ ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ።"

"እሱን አይደለም። ጮክ ብለህ፣ ቀስ ብለህ ማንበብ ትችላለህ ወይ?"

"እችላለሁ።"

አቶ ዳና ስልኩን ዘጉና ወደ እኛ ዞሩ። "በሉ እንግዲህ ተቀመጡ" አሉ። አባ ቢያ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ከሁላችንም ቀድመው ተቀመጡ።

ሰኞ

ሰላማዊት ለመንገድ ማር ቋጠረችልኝ፤ በትንሽ ዕቃ ደግሞ ዳጣ። "ለጋሼ ባለቤት ነው፤ ቀስ ብለው እንዲቀምሱት ይንገሯቸው" አለችኝ። አሁንም መምህር አላለችኝም፤ ጋሼ ግን ከዚያ ይሻላል። አቶ ዳና እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። በዚህኛው ጊዜ ክንዴን ይዘው ስለሄዱ ትክክለኛውን ሰው ሳሙ። ወፍጮው ላይ ያለውን አሌፍ ብቻ አስቀርተው ሌላውን እንዲያነሱት ለመንኳቸው፤ እሳቸው ግን ሁሉም ባለበት ይቆያል አሉ። "ዓይኔ ሲብስ ጀሪካኑን በምን እለየዋለሁ?"

ቤቴ ስገባ እቴነሽ ካፖርቴን አሽታ "የት ሠርግ ነበርክ?" አለችኝ። ገና ነው አልኳት። ማግስቱን ለቡድኑ አባላት ዕብራይስጥ እንደማላውቅ በድምፄ ነገርኳቸው። አብዛኛው ሰው ወጣ፤ ጥቂት ቀረ፤ ከቀሩት ውስጥም ግማሹ መውጫው የጠፋበት ይመስለኛል።

አሁን በየማለዳው ከረጅሙ መዝሙር ስምንት ቁጥር ጮክ ብዬ፣ ቀስ ብዬ አንብቤ እልካለሁ። ትርጉም አልጨምርበትም። ሃያ ሁለቱ ሲያልቁ እንደገና ከአሌፍ እጀምራለሁ። ባለፈው እቴነሽ ከኋላዬ ቆማ ስትሰማ ቆይታ "መጀመሪያ ላይ ለምንድነው ዝም የምትለው? የተበላሸ ይመስላል እኮ" አለችኝ።

ርእሱን እኔ አላነብም፤ እሱን የሚያነቡት አቶ ዳና ናቸው አልኳት።